ሱሪው ዝም ብሎ አልወደቀም

ሰው ሱሪው ሲወልቅበት አይቶ የማይስቅ የለም ይባላል። ውሸት ነው። አንዲት ሴት አለች፤ እሷም ሱሪውን የሰፋችው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት «ትርፍራፊው ጓድ» የሚባል ፊልም ወጣ። ሌሎች የጦር ጓዶች አንፈልጋቸውም ብለው የመለሷቸው አሥራ ሁለት ምልምሎች አንድ ላይ ተጠራቅመው፣ ወታደር ለመሆን የሚያዩትን አበሳ የሚያሳይ ፊልም ነው። አንዱ ያለ መነጽር ከአፍንጫው አርቆ አያይም። አንዱ ትእዛዝ በተሰጠው ቁጥር «ለምን?» ብሎ የሚከራከር መምህር ነው። አንዱ ደግሞ በተሰለፈበት የሚያንቀላፋ ዳቦ ጋጋሪ። ከሁሉም የባሰው ግን ግራና ቀኙን የማይለየው ቀጭኑ ምልምል ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ጓዱን ሊበትን የመጣ ጄኔራል ፊት ይቆማል፤ ቀጥ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል፤ በዚያው ቅጽበት ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዱብ ይላል። ምልምሉ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል፣ እጁን ግን አያወርድም። ጄኔራሉ ሱሪውን ያያል፣ እጁን ያያል፣ እንደገና ሱሪውን ያያል፤ ከዚያ «ሱሪው ወርዶ እጁ ያልወረደ ወታደር ያለበትን ጓድ አልበትንም» ይላል። ይህን ትዕይንት ያላየ ሰው የለም፤ ያየውም አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ አልተወውም።

ቀጭኑን ምልምል ሆኖ የተጫወተው ኮሜዲያን በዚያች አንዲት ትዕይንት ስሙ ናኘ። በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ በተጋበዘ ቁጥር የሚጠየቀው እሷኑ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሱሪው እንዲወድቅ በጽሑፉ ላይ አልነበረም፣ በድንገት ነው የወደቀው ይላል። ቀጥሎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና፣ «እግዜር ይስጣት ያቺን ልብስ ሰፊ፤ ስፌቷ ባይላላ ኖሮ እኔን ዛሬ ማን ያውቀኝ ነበር?» ይላል። ከልቡ ነው የሚያመሰግናት። ምስጋናው ግን ከስድብ ይብስ ነበር፤ ሰዳቢን መልሰህ ትሰድበዋለህ፣ አመስጋኝን ምን ታደርገዋለህ?

ያቺ ልብስ ሰፊ ዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ የከረመ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ አንደኛው ክፍል ለመኝታዋ፣ ሁለተኛው ለስፌት መኪናዋ፣ ለካውያዋና ለሰው ሁሉ መጋረጃ ነው። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፤ ዞር ስትል «ሱሪ አውርድ» ይላታል። የማትሰማ ይመስላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ሰምታለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አልፋው ነው እንጂ።

እውነቱ ሌላ ነበር። እሱን ለመረዳት ደግሞ ከዱቄት ፋብሪካው መጀመር ያስፈልጋል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የተቀጠረችበት የመጀመሪያ ሥራ የዱቄት ጆንያ አፍ መስፋት ነበር። የጆንያ ስፌት የሰንሰለት ስፌት ነው፤ አንዱ ቀለበት ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ሙሉ ጆንያ ከጭነት መኪና ላይ ቢወረወር እንኳ አይፈታም። ነገር ግን ትክክለኛውን ጫፍ ያገኘ ሰው ክሩን ሳብ ሲያደርገው ትርርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይተረተራል። ጫፉን የሳተ ደግሞ ሲታገል ቆይቶ በመጨረሻ ቢላዋ ያነሳል። ሴትዮዋ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ስፌት ዓይኗን ጨፍና የምትሰፋና የምትፈታ ሆነች። በኋላ ልብስ ስፌት ተማረች፣ አንድ ክፍል ተከራየች፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለች። የፊልሙ ሰዎች ለአሥራ ሁለቱ ምልምሎች የደንብ ልብስ እንድትሰፋ ሲቀጥሯት ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር።

የማይበቃ ልብስ መስፋት ከሚበቃው እንደሚከብድ የሚያውቀው ባለሙያ ብቻ ነው። ረጅሙ ላይ አጭር መሆን አለበት፤ ወፍራሙ ላይ ጠባብ መሆን አለበት፤ ሆኖም ሰውየው ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ሲንደባለልበት መቀደድ የለበትም። እሷ ሁሉንም እንደዚያ አድርጋ ሰፋች። ተመልካቹ ግን የተንሻፈፈ ኮሌታ ሲያይ ልብስ ሰፊዋ የተንሻፈፈች መሰለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ወደ ስፌት ክፍሉ ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው። እኔ ስፈልግ የሚወድቅ፣ ሳልፈልግ የማይወድቅ ሱሪ ትሠሪልኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ከጎን ሆኖ በገመድ የሚጎትት ሰው አይቻልም፤ ካሜራው ያየዋል። አላልቶ መስፋትም አይሆንም፤ ገና ሲራመድ ይወርዳል። ሰላምታ ሲሰጥ ብቻ፣ ያኔውኑ ይውደቅ አለ። እሷም ሦስት ቀን ይስጡኝ አለችው።

የሱሪውን ወገብ ከልኩ ሁለት ስንዝር አስፍታ ቆረጠችው። ትርፉን ጨርቅ ከኋላ አጠፈችና ሦስት ጣት በማትሞላ የሰንሰለት ስፌት ያዘችው። የክሩን ትክክለኛ ጫፍ በኮቱ ገበር ውስጥ ለውስጥ፣ በብብት በኩል አሳልፋ በቀኝ እጅጌው አወረደችውና ከእጅጌው ቁልፍ ጋር አሰረችው። ሰውየው ሲራመድ፣ ሲቀመጥ፣ ውሃ ሲጠጣ ክሩ ትርፍ ስላለው አይሳብም። ክርኑን ወጣ አድርጎ እንደ ወታደር እጁን ሲያነሳ ግን ክሩ ስንዝር ሙሉ ይሳባል፤ ያቺ ሦስት ጣት ስፌት ትተረተርና ወገቡ ሁለት ስንዝር ይሰፋል። ሱሪው ግማሽ መንገድ ላይ ጭኑን ይዞ እንዳይቀርም በእግሮቹ ጫፍ እጥፋት ውስጥ ክብደት እንዲሆኑት ስምንት የብሎን ዳዶ ሰፋችበት። ከዚያ በሯን ቆልፋ ራሷ ለበሰችውና መስታወት ፊት ሰላምታ ሰጠች። በዚያን ዕለት ሱሪው አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ፤ አሥራ አንድ ጊዜም መልሳ ሰፋችው።

ዳይሬክተሩ ሲያየው እጇን ይዞ ሳማት። ነገር ግን ኮሜዲያኑ እንዳይሰማ አለ፤ ካወቀ ፊቱ ማስመሰል ይጀምራልና። ስለዚህ በቀረጻው ዕለት እጅጌውን የምታስተካክል መስላ ክሩን ቁልፉ ላይ አሰረችው። ተንበርክካ የሱሪውን ጫፍ ስትጎትት ዳይሬክተሩ ወደ ኮሜዲያኑ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ሲያንሾካሹክለት ሰማች። ከዚያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ልብሱን ሲያወልቅ ክሩን ፈትታ ደበቀችው፤ የጄኔራሉንም ቃል ዳይሬክተሩ በማግስቱ ጽፎ ጨመረው።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ እኔው ራሴ እናገራለሁ፣ ስምሽንም አስጠራለሁ ብሎ ዳይሬክተሩ ቃል ገብቶላት ነበር። ፊልሙ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልቡ ቀጥ ብላ ሞተ። የደንብ ልብሶቹም በካርቶን ታሽገው የውሃ ሽታ ሆኑ። ምስጢሩን የሚያውቅ ከእሷ በቀር አንድም ሰው አልቀረም።

ተናግራለች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ምላለች። የነገረችው ሰው ሁሉ እሺ እሺ እያለ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ይነክሳል። የሁለት መቶ ተማሪዎች ልብስ ያዘዛት ርዕሰ መምህር በራሱ እግር መጥቶ ትእዛዙን ሰረዘ፤ ወላጆች የልጆቻችን ሱሪ በሰልፍ ላይ ይወርዳል ብለው ፈሩ አላት። ሥራዋን እየነጠቃት ከንፈሩ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷን ያንገበገባት እሱ ነው። በማግስቱ ሰሌዳዋን አወረደችው። ከዚያ ወዲህ የሰው ገላ ለክታ አታውቅም፤ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። መጋረጃ ቢወድቅ ማንም ሆዱን ይዞ አይስቅም።

ባሏ እስኪሞት ድረስ አመናት። ከእሱ በኋላ የቀረቻት ልጇ ናት። ፖስታ ቤት ትሠራለች፤ ፊልሙ ሲወጣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ስትገባ «የሱሪ አውርድ ልጅ» እየተባለች ነው ያደገችው። ባለፈው ጊዜ ታዲያ ሁለት ትኬት ይዛ መጣች። «ትርፍራፊው ጓድ» ከአቧራው ተጠርጎ፣ ምስሉ ጠርቶ በትልቁ አዳራሽ እንደገና ሊታይ ነው፤ ኮሜዲያኑም ተገኝቶ የተመልካቹን ጥያቄ ይመልሳል። እናት አልሄድም አለች። ሰው ሲስቅብኝ ለማየት ትኬት አልቆርጥም አለች። ልጅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሆን ብለሽ እንደሰፋሽው እኔ አምንሻለሁ። ሌላው ቢያምን ባያምን ምን ያደርግልሻል?»

ድምጿ ለስላሳ ነበር፤ አልጋ ለያዘ ሰው «አይዞህ፣ ነገ ትነሳለህ» የሚባልበት ድምፅ። እናት ያኔ ገባት። ልጇ አታምናትም። እናቴ ራሷን ለማጽናናት የፈጠረችው ተረት ነው ብላ፣ አዝናላት፣ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስታባብላት ኖራለች። የሰፈሩ ሳቅ፣ የርዕሰ መምህሩ ሳቅ፣ የኮሜዲያኑ ምስጋና ተደምሮ የዚህን ያህል አልወጋትም። የሚሰፋውን መጋረጃ ከጠረጴዛው ላይ ጠረገችው።

ስንት ቀን ቀረው ብላ ጠየቀች። ስድስት ቀን ነበር።

ካኪ ጨርቅ ገዛች። የኮሜዲያኑን ልክ ከቴሌቪዥን ወሰደች፤ ዓይኗ ሜትር ነው፣ ሰውየው ሲቆምና ሲቀመጥ እያየች ቁጥሩን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። ቀጭኑ ምልምል ዛሬ ቀጭን አይደለም፤ ሆዱ ቀድሞት ነው በር የሚገባው። የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠው መርፌ አልይዝ ሲሏት በሞቀ ውሃ ነክራ እንደገና ትይዛለች። ልጇ ምን እየሰፋሽ ነው አለቻት፤ የደንብ ልብስ አለቻት። ልጅ ደነገጠች። እማዬ፣ በሰው ፊት ራስሽን እንዳታዋርጂ ብላ ለመነቻት። እናት እዚያው ቤት ለብሳ ልታሳያት ትችል ነበር፤ እልህ ያዛት። እንደ ሌላው ሰው ካላመነችኝ እንደ ሌላው ሰው ትኬት ቆርጣ ትየው አለች በሆዷ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሱሪው የወረደ ጊዜ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተሳቀ፤ ልጇ ሳቋን ዋጥ ለማድረግ ስትታገል እናት በጎን አየቻት። ፊልሙ አልቆ ኮሜዲያኑ ወደ መድረኩ ሲወጣ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀው ጥያቄ ነበር፤ መልሱም የታወቀው መልስ። «እግዜር ይስጣት ያቺን ልብስ ሰፊ» ሲል እናት እጇን አወጣች። ልጇ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። እሷ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ ተነስታ ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«ያቺ ልብስ ሰፊ እኔ ነኝ» አለች። «የደንብ ልብስዎን እንደገና ሰፍቼ አምጥቻለሁ። ይልበሱልኝና ሰው ይፍረደኝ።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። ኮሜዲያኑ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ ከዚህ የበለጠ ቀልድ በአርባ ዓመት አልመጣለትም። እጇን ይዞ ራሱ ወደ መድረኩ አወጣት። ከመጋረጃው ጀርባ ስታለብሰው ከሱሪው ሥር የሚለበስ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁምጣ ሰጠችው። ይሄስ ለምንድን ነው አላት፤ ለብርድ ነው አለችው። ኮቱን ደርባለት እጅጌውን አስተካከለች። ክሩንም ቁልፉ ላይ አሰረችው።

ወጥቶ በመድረኩ ተንጎራደደ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ውሃ ጠጣ፣ አንዴም ዘለል አለ። ሱሪው ንቅንቅ አላለም። ኮሜዲያኑም ልብስ ሰፊዋ ከአርባ ዓመት በኋላ ሙያዋን አሻሽላ መጣች ብሎ ለአዳራሹ አወጀ፤ ሰው አጨበጨበ። ልጇም እፎይ ብላ አጨበጨበች፤ እናቷ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ መሰላት፤ ደህና ሱሪ መስፋት እንደምትችል አሳይታ፣ ይቅርታ ተደርጎላት መመለስ።

እናት ግን አልተመለሰችም። አሁን ሰላምታ ይስጡ አለችው።

እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። ምንም አልሆነም። ሰው አሁንም አጨበጨበ። ልኩን ተሳስታ ይሆን? ክሩ ትርፉ በዝቶ ይሆን? ከዚህ ቦታ እንደ ወጣች ብትወርድ ልጇ እስክትሞት ድረስ በዚያ ለስላሳ ድምፅ ስታባብላት ትኖራለች። ዓይኗን ክርኑ ላይ ተከለች። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ክርን ጎኑ ላይ ተጣብቋል፤ ሰላምታው የጡረተኛ ሰላምታ ነው። ስፌቷ አልተሳሳተም፣ ሰውየው ነው የተሳሳተው። ወደ ፊቱ ተጠጋች።

«እንደሱ አይደለም» አለችው። «ዳይሬክተሩ ‹ሰማይ ቢወድቅ እጅህን እንዳታወርድ› ያለህ ጊዜ እንዴት ነበር የሰጠኸው? እንደዚያ ስጥ።»

የኮሜዲያኑ ፈገግታ ደረቀ። ያ ቃል በጆሮው የተነገረ ነው፤ ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ በየትኛውም ቃለ መጠይቅ አላወራውም። ሴትዮዋን አያት። እጅጌውን አየ። ከዚያ ሆዱን አስገባ፣ ተረከዙን አጋጨ፣ ክርኑን ወጣ አድርጎ እጁን እንደ ሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ወደ ግንባሩ ወረወረው።

ትርርር።

ስምንቱ ዳዶ የመድረኩን ሳንቃ ሲመታ ኋላ ረድፍ ድረስ ተሰማ። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ፊቱ ያው ፊት ነው፤ ያ አገር ያወቀው፣ ቲማቲም የመሰለው ፊት። እጁም አልወረደም። አዳራሹ መጀመሪያ እስኪደክመው ሳቀ፤ ቀጥሎ ምን እንዳየ እየገባው ሲሄድ ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ከፊት የተቀመጡት መነሳት ጀመሩ፣ ከኋላ ያሉትም ተከተሏቸው።

«ሆን ብለሽ ነው?» አላት ኮሜዲያኑ እጁ ግንባሩ ላይ እንዳለ።

ከዱቄት ፋብሪካው ጀምራ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ነገረችው። ማይክሮፎኑ በእጇ ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም አላት፤ ተቀይሞ ነበር፣ ዓይኑም እንባ አቅርሯል።

«ብታውቅ ፊትህ ይዋሽ ነበር» አለችው። «ሱሪ ሁሉም ሰው ይወልቅበታል። ሰው አርባ ዓመት የወደደው ያንን ፊትህን ነው።»

በዚህ መሃል ልጇ ደረጃውን ወጥታ መድረኩ ላይ ደርሳ ነበር። ማንንም ሳታይ ኮሜዲያኑ እግር ሥር ተንበረከከችና የወደቀውን ወገብ አንስታ ገለበጠችው። የተተረተረውን እጥፋት በጣቷ ዳሰሰች፤ ክሩን ተከትላ ወደ ኮቱ ገበር፣ ከዚያ ወደ እጅጌው፣ ከዚያ ወደ ቁልፉ ሄደች። ቁልፉ ጋ ስትደርስ እንባዋ አመለጣት።

«አየሽው?» አለቻት እናቷ።

«አየሁት እማዬ» አለች። በዚያ በለስላሳው ድምፅ አልነበረም፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ እየተንሰቀሰቀች። የእናት አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ኮሜዲያኑ በግራ እጁ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። ቀኙ አሁንም ሰላምታ ላይ ነው፤ ፊቱን ግን ከአዳራሹ ወደ ሴትዮዋ አዙሮታል። አርባ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ዋሽቻችኋለሁ፣ ሳያውቁ መዋሸትም ውሸት ነው አለ። ስለዚህ ታሪኩን እንደገና፣ ከመጀመሪያው ሊነግራቸው ፈቃድ ጠየቀ። ሰው እንደቆመ ቀረ። አንዲት የጆንያ አፍ የምትሰፋ ልጅ ነበረች ብሎ ጀመረ፤ ፋብሪካውን ተረከ፣ ዳይሬክተሩን ተረከ፣ የተቆለፈውን በር፣ መስታወቱን፣ አሥራ አንዱን ጊዜ ተረከ። ሙያው ነውና ሲተርክ ያምርበታል። ሰው ሳቀ፤ ያሳቀው ግን የሴትዮዋ ብልሃት ነበር። ነጯን ክር በእጅጌዬ ውስጥ እንዴት እንዳወረደቻት ብሎ ሲቀጥል እሷ አቋረጠችው።

«ነጭ አይደለም» አለች። «በካኪ ላይ ነጭ ክር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የለም። ካኪ ክር ነው።»

«ካኪ ክር» ብሎ አስተካከለ ኮሜዲያኑ፤ እጁን ሳያወርድም ቀጠለ።